ኳስ የያዘ ልጅ፣ ማይክ የያዘ ልጅ፦ የመጀመሪያው ውል እንዴት ይሠራል?

ልጅዎ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፤ ወይም ማታ ማታ ክፍሉን ዘግቶ ራፕ ይቀዳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያደርጋል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አትላንታ የሚኖሩ የእኛ ቤተሰቦች ይህን በደንብ ያውቁታል። አንድ ቀን ታዲያ አንድ ሰው መጥቶ «ልጃችሁ ተስፋ አለው» ይላል። ቀጥሎ የሚፈረም ወረቀት ያቀርባል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ወረቀት ነው።

ሁለቱ ሙያዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ወጣት ይፈልጋሉ። ሁለቱም ብዙ ሺህ ልጆችን ጠርተው ጥቂቶችን ብቻ ያስቀራሉ። አለባበሱ፣ አነጋገሩ፣ ጫማው ሳይቀር የጋራ ነው። ውሉ ግን ለየቅል ነው። ኤን ቢ ኤ የገባ ልጅ የሚፈርመው የደመወዝ ውል ነው። ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ የገባ ራፐር የሚፈርመው በአብዛኛው የዕዳ ውል ነው። ይህን ካወቁ የቀረው ቀስ በቀስ ይገለጥልዎታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኳሱ እንጀምር፤ ሕጉ የጠራ ስለሆነ ለማስረዳት ይቀላል። ኤን ቢ ኤ የሰሜን አሜሪካ የወንዶች ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ ነው። 30 ቡድኖች አሉት። አንድ ቡድን ቢበዛ 15 ቋሚ ተጫዋቾች ይይዛል። ያለው ቋሚ ቦታ እንግዲህ 450 ነው። ለዚህ 450 ቦታ የሚሽቀዳደሙት የአሜሪካ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ከፈረንሳይም፣ ከሰርቢያም፣ ከናይጄሪያም ይመጣሉ።

አዲስ ልጆች በዋናነት የሚገቡት በድራፍት ነው። ድራፍት ማለት ቡድኖች በየተራቸው ወጣቶችን የሚመርጡበት ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት ነው። በጁን ወር ይካሄዳል። ሁለት ዙር አለው፤ በሁለቱም የሚመረጡት 60 ገደማ ናቸው። ልጁ ቡድን አይመርጥም፤ ቡድኑ ነው ልጁን የሚመርጠው። የሜሪላንድ ልጅ ዩታ ሊደርሰው ይችላል።

ማን ቀድሞ ይመርጣል? ደካማው ቡድን የተሻለ ዕድል አለው፤ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች የሚወስነው ግን ዕጣ ነው። ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው የፒንግ ፖንግ ኳሶች ማሽን ውስጥ ይደባለቃሉ። አራት ኳሶች ይወጣሉ። የወጡት ቁጥሮች የተመደቡለት ቡድን አንደኛ ይመርጣል። በ2025 ከሁሉም የባሰ ውጤት የነበራቸው ሦስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው 14 በመቶ ዕድል ነበራቸው። ያሸነፈው ግን 1.8 በመቶ ዕድል ብቻ የነበረው ዳላስ ማቭሪክስ ነው። ቡድኑም ከሜይን ግዛት የመጣውን ኩፐር ፍላግን ወሰደ።

ፍላግ ያን ቀን ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። «ታዲያ ዕድሜው ስንት መሆን አለበት?» ይሉ ይሆናል። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ልጁ ድራፍቱ በሚካሄድበት የዘመን አቆጣጠር ዓመት ውስጥ 19 መሙላት አለበት። ፍላግ የተወለደው በዲሴምበር በመሆኑ በዚያው ዓመት መጨረሻ 19 ሞላው። አሜሪካ የተማረ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ ቢያንስ አንድ ዓመት ማለፍ አለበት። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ኬቨን ጋርኔት በ1995፣ ኮቢ ብራያንት በ1996፣ ሌብሮን ጄምስ በ2003 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ገብተዋል። ይህ የቆመው ከ2006ቱ ድራፍት ጀምሮ ነው።

በመካከል የተፈጠረችው የአንድ ዓመት ክፍተት የራሷን ገበያ ይዛ መጣች። አብዛኞቹ ልጆች ያን ዓመት የሚያሳልፉት ኮሌጅ ውስጥ ነው። የኮሌጅ ተጫዋች ለብዙ ዘመን የነፃ ትምህርት ዕድል ከማግኘት በቀር በስሙ ገንዘብ መቀበል አይችልም ነበር። ከጁላይ 2021 ወዲህ ግን ይችላል። ይህ መብት «ኤን አይ ኤል» ይባላል፤ ተጫዋቹ ስሙንና መልኩን ለማስታወቂያ የሚያከራይበት መብት ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። ኤን ቢ ኤ ለወጣቶች ብሎ በ2020 ያቋቋመው ኢግናይት የሚባል ቡድን በ2024 ተዘጋ፤ ኮሌጅ መክፈል ከጀመረ ልጆቹ ወደዚያ የሚመጡበት ምክንያት አልነበረም።

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ። በ1994 አንደኛ የተመረጠው ግሌን ሮቢንሰን ከሚልዋኪ ቡድን ጋር ለረጅም ጊዜ ተከራክሮ የ10 ዓመት፣ የ68 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። አንድም ጨዋታ ያልተጫወተ ልጅ ይህን ያህል ማግኘቱ የቡድን ባለቤቶቹን አስደነገጠ፤ ነባር ተጫዋቾችንም ቅር አሰኘ። በሚቀጥለው ዓመት ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ተስማምተው ለጀማሪዎች የደመወዝ እርከን አወጡ። ከዚያ ወዲህ በአንደኛው ዙር የተመረጠ ልጅ ደመወዝ የሚታወቀው በተመረጠበት ቁጥር ነው። ክርክር የለም ማለት ይቻላል። ሰንጠረዡ በአደባባይ ያለ ስለሆነ እርስዎም ሊያዩት ይችላሉ።

በቁጥር እንየው። በ2025 አንደኛ የወጣው ልጅ ለመጀመሪያ ዓመቱ የተቆረጠለት ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ፣ 30ኛ ላይ የተመረጠው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያገኛል። ውሉ እስከ አራት ዓመት ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዋስትና አላቸው። ዋስትና ሲባል ልጁ ጉልበቱ ቢጎዳ፣ ቢዳከም፣ ቡድኑ ቢያሰናብተውም ይከፈለዋል ማለት ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓመት ለመቀጠል ወይም ላለመቀጠል የሚወስነው ቡድኑ ነው።

ሁለተኛው ዙር ሌላ ነገር ነው። እዚያ የተመረጠ ልጅ የተረጋገጠ ደመወዝ የለውም፤ ያገኘውን ተደራድሮ ያገኛል። ብዙዎቹ «ቱ ዌይ» የሚባለውን ውል ይፈርማሉ። ይህ ልጁ በዋናው ቡድንና ጂ ሊግ በሚባለው የታችኛው ሊግ መካከል የሚመላለስበት ውል ነው። ክፍያው የጀማሪ ትንሹ ደመወዝ ግማሽ ነው። ጂ ሊግ ብቻ የሚጫወት ደግሞ ለአንድ የውድድር ዘመን 40 ሺህ ዶላር ገደማ ያገኛል። በዋሽንግተን አካባቢ በዚህ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

ሚሊዮን ሲባል እጅ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው? ልጁ በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለዋል እንበል። የፌዴራል መንግሥት ግብር ከፍተኛው እርከን 37 በመቶ ነው፤ የዚህ ልጅ ገቢ አብዛኛው እዚያ እርከን ውስጥ ይገባል። ከዚያ የግዛት ግብር አለ። ተጫዋች ግብር የሚከፍለው በሚኖርበት ግዛት ብቻ አይደለም፤ ሄዶ በተጫወተበት ግዛትም ለእነዚያ ቀናት ይከፍላል። ቴክሳስና ፍሎሪዳ የገቢ ግብር የላቸውም። ካሊፎርኒያ ግን እስከ 13.3 በመቶ ያደርሳል። ሊጉ ደግሞ 10 በመቶውን በአደራ ይይዛል፤ የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ እንደ ሊጉ ገቢ ከፊሉን ወይም ሁሉንም ይመልሳል። ወኪሉ አለ፤ ድርሻው ከ4 በመቶ አይበልጥም፤ ይህን የሚቆጣጠረው የተጫዋቾች ማኅበር ነው። ሁሉም ሲቀናነስ ልጁ እጅ የሚገባው ከግማሽ ብዙ አይርቅም።

ያም ሆኖ ይህ ገንዘብ የእሱ ነው። መልስ የሚለው የለም። ቡድኑ ለአሠልጣኝ፣ ለአውሮፕላን፣ ለሆቴል፣ ለሐኪም ያወጣውን ከደመወዙ አይቀንስበትም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ወደ ሙዚቃው ስንሄድ ግን ትልቅ ነገር መሆኑን ያያሉ።

ከዚያ በፊት እዚህ ለመድረስ ቤተሰብ የሚያወጣውን ማንሳት አለብኝ፤ ብዙ ወላጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ። በአሜሪካ ልጆች የሚታዩት በትምህርት ቤት ቡድን ብቻ አይደለም። በበጋ ከተማ ለከተማ እየዞሩ የሚጫወቱ «ኤ ኤ ዩ» የሚባሉ የወጣት ቡድኖች አሉ። ምርጦቹን ናይኪና አዲዳስን የመሰሉ የጫማ ኩባንያዎች ይደግፏቸዋል፤ ልጁ እዚያ ከገባ ጉዞውና ትጥቁ በአብዛኛው ይሸፈንለታል። ሌሎቹ ቡድኖች ውስጥ የሚከፍለው ወላጅ ነው፦ መመዝገቢያ፣ ቤንዚን፣ ሆቴል፣ የግል አሠልጣኝ። በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ራሱ ባወጣው ስሌት፣ ለድራፍት ከደረሱ የኮሌጅ ተጫዋቾች ኤን ቢ ኤ የሚመርጠው ከ100 አንዱን ያህል ነው። ስለዚህ ወጪውን ሲያስቡ ለኤን ቢ ኤ ብለው አያስቡት። የኮሌጅ ነፃ ትምህርት ይገኝ ይሆን ወይ ብለው ያስቡት፤ ያም ቢሆን ጠባብ ነው፣ ግን የሚጨበጥ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሂፕ ሆፕ። ይህ ሙዚቃ የተወለደው ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ነው። በኦገስት 1973 ዲጄ ኩል ሄርክ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ አዳራሽ ባዘጋጀው ግብዣ ላይ ጀመረ ይባላል። ያኔም የሚያስፈልገው ጥቂት ዕቃና ብዙ ችሎታ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ድራፍት የለም። የዕድሜ ገደብ የለም። የደመወዝ ሰንጠረዥም የለም። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስለዚህም ከገቡ በኋላ የሚጠብቅዎት ሕግ እምብዛም ነው።

መጀመር ስንት ያስወጣል? በጣም ጥቂት። ራፐር ከሁሉ በፊት ቢት ይፈልጋል፤ ቢት ማለት ግጥሙ የሚጫንበት የሙዚቃ መደብ ነው። ሊል ናስ ኤክስ በ19 ዓመቱ «ኦልድ ታውን ሮድ»ን የሠራበትን ቢት ከኢንተርኔት የገዛው በ30 ዶላር ነው። ቢቱን የሠራው ደግሞ ኔዘርላንድ የሚኖር ሌላ ወጣት ነበር። ዘፈኑ በቲክ ቶክ ተዛምቶ ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ አስፈረመው፤ በ2019 በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ለ19 ሳምንታት አንደኛ ሆነ።

ይህ ታሪክ ሲወራ የሚዘለል ነገር አለ። በ30 ዶላር የሚገዛ ቢት በአብዛኛው የኪራይ ነው። ኪራዩ ገደብ አለው፦ ይህን ያህል ጊዜ ብቻ ይደመጣል፣ ይህን ያህል ብቻ ይሸጣል ይላል። ዘፈኑ ከተወደደ እንደገና መደራደር ይመጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሊል ናስ ኤክስ በገዛው ቢት ውስጥ ናይን ኢንች ኔይልስ ከተባለ የሮክ ባንድ የተወሰደ ድምፅ ነበረበት። ከሌላ ዘፈን ተቆርጦ የሚገባ ድምፅ «ሳምፕል» ይባላል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም። በመጨረሻ የባንዱ ሰዎች በዘፈኑ ደራሲነት ተመዘገቡ፤ ከገቢውም ይካፈላሉ። ስለዚህ ልጅዎ ቢት ሲገዛ የኪራይ ውሉን ያስቀምጥ፤ ውስጡ ሳምፕል እንዳለም ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቅ። ይህ ምንም አያስወጣም።

ዘፈኑ ተወደደ እንበል፤ ኩባንያ መጣ። ኩባንያው የሚያቀርበው «አድቫንስ» ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ማለት ነው። ጋዜጣ ላይ «ወጣቱ በ1 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ» ሲባል የሚወራው በአብዛኛው ስለዚህ ነው። ገንዘቡ ስጦታም ደመወዝም አይደለም። ልጁ ወደፊት ከሚያገኘው የሽያጭ ድርሻ የሚቀነስ ብድር ነው። ዘፈኑ ባይሸጥ ከኪሱ አውጥቶ እንዲመልስ በአብዛኛው አይጠየቅም። ዕዳው እስኪያልቅ ግን ከሽያጩ አንድ ሳንቲም አያይም።

ዕቁብ ቀድሞ የወጣለትን ሰው ያስቡ። ብሩን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው እስኪደርሰው ግን መጣሉን ይቀጥላል። ቅድሚያ ክፍያም እስከዚህ ድረስ ይህንኑ ይመስላል። ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል፤ ከባድም ነው። በዕቁብ የጣሉት ብር በሙሉ ይቆጠርልዎታል። እዚህ ግን ዘፈኑ ካስገባው ገንዘብ ለዕዳው የሚቆጠረው የልጁ ድርሻ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። ኩባንያው 100 ሺህ ዶላር ቅድሚያ ከፈለ። ለስቱዲዮና ለቪዲዮ ሌላ 100 ሺህ አወጣ፤ ይህም በውሉ መሠረት በልጁ ላይ ይጻፋል። ዕዳው 200 ሺህ ሆነ። የልጁ የሽያጭ ድርሻ 18 በመቶ ነው፤ ለጀማሪ ያልተለመደ አይደለም። አልበሙ አንድ ሚሊዮን ዶላር አስገባ። የልጁ ድርሻ 180 ሺህ ይሆናል። ይህ ዕዳውን አይሸፍንም፤ 20 ሺህ ይቀረዋል። ኩባንያው ግን ያወጣውን 200 ሺህ መልሶ 800 ሺህ ተርፎታል። ልጁ አንድ ሚሊዮን ያስገባ አልበም ሠርቶ በወረቀት ላይ ባለዕዳ ነው።

ይህ የፈጠራ ሥጋት አይደለም። ቲ ኤል ሲ የተባለው የአትላንታ የሦስት ወጣት ሴቶች ቡድን አልበሙ በሚሊዮን እየተሸጠ ሳለ በ1995 ኪሳራ አመልክቶ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ዘፈኖቻቸው በየሬዲዮው ይሰሙ ነበር። ችግሩ የውሉ አሠራር ነበር።

ሌላም መታየት ያለበት መስመር አለ። «360» የሚባል ውል አለ፤ ኩባንያው ከዘፈኑ ብቻ ሳይሆን ከመድረክ ሥራ፣ ከቲሸርት ሽያጭና ከማስታወቂያም ድርሻ የሚወስድበት ነው። ወጣት ራፐር በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው በዋናነት ከመድረክ ስለሆነ ይህ መስመር ኑሮውን ይነካዋል። ኳስ ተጫዋች ከጫማ ኩባንያ የሚያገኘው ገንዘብ ግን የራሱ ነው፤ ቡድኑ አይካፈለውም። ሌብሮን ጄምስ በ2003 አንድም የኤን ቢ ኤ ጨዋታ ሳይጫወት ከናይኪ ጋር ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ውል ሲፈርም ቡድኑ ክሊቭላንድ ከዚያ ድርሻ አልጠየቀም።

ከሁሉም በላይ ግን «ማስተር» የሚባለውን ይፈልጉ። ማስተር ማለት የተቀዳው ዘፈን ባለቤትነት ነው። ባለቤቱ ማን ነው? ለስንት ዓመት? የቅድሚያ ክፍያው መጠን ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ገንዘቡ ያልቃል፣ ዘፈኑ ግን ለአሥርት ዓመታት ይደመጣል። ማስተር ፒ የተባለው የኒው ኦርሊንስ ራፐር ይህን ቀድሞ ገብቶት ነበር። በ1990ዎቹ ለራሱ ኩባንያ ለኖ ሊሚት ፕራዮሪቲ ከተባለ ኩባንያ ጋር የተዋዋለው የሥርጭት ብቻ ነው፤ ማስተሮቹን ራሱ ያዘ፣ 85 በመቶውንም ወሰደ።

ለእኛ ሰው በጣም የሚቀርበው ምሳሌ ኒፕሲ ሃስል ነው። ስሙ ኤርሚያስ አስገዶም፤ አባቱ ኤርትራዊ፤ ያደገው ሎስ አንጀለስ ነው። በ2013 «ክሬንሾ» የተባለውን ሥራውን በኢንተርኔት በነፃ ለቀቀው። በዚያው ጊዜ 1,000 ቅጂ አሳትሞ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። ታዋቂው ራፐር ጄይ ዚ ብቻውን 100 ቅጂ ገዛ። 1,000 ቅጂ በ100 ዶላር 100 ሺህ ዶላር ነው፤ ከላይ ባየነው ምሳሌ ኩባንያው በብድር የሰጠውን ያህል። ይህኛው ግን ዕዳ የለበትም። ማስተሩም እጁ ላይ ነው። በኋላ ከአትላንቲክ ኩባንያ ጋር ሲዋዋል የራሱን ድርጅት ይዞ በሽርክና ነው። በ2019 ባይገደል ኖሮ የት ይደርስ ነበር ብለን እናዝናለን፤ ለወጣቶች የተወው የሥራ ትምህርት ግን በቁጥር የሚታይ ነው።

«ኩባንያ ከሌለ ዘፈኑ እንዴት ሰው ጋ ይደርሳል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዲስትሮኪድን የመሰሉ አከፋፋዮች በዓመት ከ20 እስከ 25 ዶላር ገደማ እያስከፈሉ ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይና አፕል ሙዚቃ ያስገባሉ፤ ማስተሩን አይወስዱም። ገቢው ግን ቀጭን ነው። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የተደመጠ ዘፈን በግምት ከ3 እስከ 5 ሺህ ዶላር ያስገኛል። በዓመት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከ2024 ወዲህ ምንም አይከፈለውም። ቻንስ ዘ ራፐር ያለ ኩባንያ ሠርቶ በ2017 የግራሚ ሽልማት ማሸነፉ እውነት ነው። አልበሙን ለሁለት ሳምንት ለብቻው እንዲያቀርብ አፕል 500 ሺህ ዶላር እንደከፈለው ግን እሱው ራሱ ተናግሯል። ያለ ኩባንያ መሥራት ይቻላል፤ ያለ ገንዘብ ግን አይቻልም።

ኳስና ሙዚቃን በአንዴ የያዘ አለ? አለ። ፍሎጄ ጆንሰን ከጆርጂያ ግዛት፣ ከሳቫና ከተማ ናት። አባቷም ራፐር ነበር፤ እሷ ሳትወለድ ተገደለ። በልጅነቷ በቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ ራፕ አድርጋ ታወቀች። ከዚያ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ2023 በመጀመሪያ ዓመቷ ከቡድኗ ጋር የአገር ሻምፒዮን ሆነች። በሙዚቃው የጄይ ዚ ኩባንያ ከሆነው ሮክ ኔሽን ጋር የሥርጭት ውል አላት፤ በኮሌጅ ዘመኗም ፑማን ከመሰሉ ኩባንያዎች ጋር በስሟ ሠርታለች።

ለምን ኮሌጅ ቆየች? ሒሳቡን ይመልከቱ። የሴቶቹ ሊግ ደብልዩ ኤን ቢ ኤ አሜሪካዊት ተጫዋች ለመቀበል በድራፍቱ ዓመት 22 እንድትሞላ ወይም ኮሌጅ እንድትጨርስ ይጠይቃል። በ2024 አንደኛ የተመረጠችው ኬትሊን ክላርክ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ 76,535 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት በወንዶቹ አንደኛ የተመረጠው ዛካሪ ሪሳሼ ከ12 ሚሊዮን በላይ አግኝቷል። በዚያ ሰንጠረዥ ስሟ የታወቀ ልጅ ከሊጉ ደመወዝ ይልቅ ኮሌጅ ሆና በማስታወቂያ የበለጠ ታገኝ ነበር። ይህ ልዩነት አሳፋሪ ነው ብዬ አምናለሁ። ተጫዋቾቹም ዝም አላሉም፤ በዚያው ዓመት በማኅበራቸው በኩል ከነባሩ ስምምነት ወጥተው የተሻለ ለመደራደር ወሰኑ።

ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው መሻገር የሚቀለው ለኳስ ተጫዋቹ ነው። ሻኪል ኦኒል በ1993 ያወጣው የራፕ አልበም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ዴሚየን ሊላርድም የራሱ የሙዚቃ ድርጅት አለው። ደመወዙ ስቱዲዮውን ስለሚከፍል ቅድሚያ ክፍያ አይፈልጉም። ወደ ኋላ መሄዱ ግን ከባድ ነው። ማስተር ፒ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሻርሎትና ቶሮንቶ ጋር ሞክሮ ከልምምድ ጨዋታ አላለፈም። ራፐሩ ጄ ኮል በ2021 ሩዋንዳ ድረስ ሄዶ በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ጥቂት ጨዋታ ተጫውቷል። ልጅዎ ሁለቱንም የሚወድ ከሆነ እንግዲህ የሰውነት ሥራውን አሁን ይሥራ፤ ዘፈኑ ይጠብቀዋል።

የሚቀረው ወረቀቱ ሲመጣ ማን ያንብበው የሚለው ነው። የራፐር ሥራ አስኪያጅ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይወስዳል፤ የመድረክ ወኪል 10 በመቶ ገደማ። የኤን ቢ ኤ ወኪል ጣሪያ 4 በመቶ መሆኑን ያስታውሱ። በሙዚቃ ይህን የሚገድብ ማኅበር ስለሌለ ቁጥሩን በድርድር የሚገድቡት እርስዎ ነዎት። የሙዚቃ ጠበቃ በሰዓት ወይም ከውሉ 5 በመቶ ያህል ያስከፍላል። ውድ ሊመስል ይችላል፤ በሰዓት ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ መሆኑን ያስቡ። ጠበቃውን ኩባንያው ወይም ሥራ አስኪያጁ እንዲመርጥልዎት አይፍቀዱ።

ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ሌላ ጥበቃ አለ። በካሊፎርኒያ የልጅ አርቲስት ውል በፍርድ ቤት ሊጸድቅ ይችላል፤ ከገቢው 15 በመቶው ደግሞ ልጁ 18 እስኪሞላ ማንም በማይነካው ሒሳብ መቀመጥ አለበት። ኒው ዮርክም ተመሳሳይ ሕግ አላት። ሌሎች ግዛቶች ይለያያሉ፤ ስለዚህ ጠበቃውን መጀመሪያ የሚጠይቁት ውሉ በየትኛው ግዛት ሕግ እንደሚዳኝ ይሁን። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው።